ከቤት የማትወጣ ድመቴ ሆዷ ተመለጠ፣ ጀርባዋ ላይ ቅርፊት አለ፤ ምን ይሆን?

የሚኑ ሰው

ሰላም ለሁላችሁም። ድመት የምታውቁ ሰዎች እስቲ አንድ ነገር በሉኝ፣ ግራ ገብቶኛል።

ሚኑ አራት ዓመቷ ነው። እንዳትወልድ ተደርጋለች፣ ክትባቷም አልተጓደለም፣ ከቤት ደግሞ ወጥታ አታውቅም። በረንዳ እንኳ አትረግጥም። ከሰሞኑ ግን ሆዷ ላይና የኋላ እግሮቿ ላይ በውስጥ በኩል ጸጉሩ እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ አሁን ሮዙ ቆዳ ፍጥጥ ብሎ ይታያል። የሚገርመው ቆዳው ደህና ነው። አልቆሰለም፣ አልቀላም፣ በቃ ጸጉር የለውም። ጀርባዋ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ከላይ ስታዩት ጸጉሩ ሙሉ ነው፤ እጄን ከወገቧ ወደ ጅራቷ ሥር ሳንሸራትት ግን ከጸጉሩ በታች ደቃቅ ቅርፊት ይነካኛል። አንገቷ ዙሪያም አለ። አንዱን በጥፍሬ ሳነሳው ከነጸጉሩ ተነቅሎ መጣ፣ ሥሩ እርጥብ ነበር።

ስታክ ብዙም አላያትም። መላስ ትልሳለች፣ ግን የትኛው ድመት አይልስም? ትበላለች፣ ትጫወታለች፣ ሌሊት መጋረጃ ላይ መንጠላጠሏንም አልተወችም።

አንበሴ የሚባል ሌላ ድመት አለን፣ ትልቅ ወንድ፣ እሱ ምንም የለበትም። ስለዚህ ተላላፊ ነገር አይመስለኝም። ቁንጫ ነው እንዳልል ሁለቱም አይወጡም፣ አንድም ቁንጫ ቤት ውስጥ አይቼ አላውቅም። አንዷ ጓደኛዬ ለሰው ጭርት የሚሆነውን ክሬም ቀቢያት አለችኝ። ሌላዋ የውሻዬን የቁንጫ ጠብታ ልስጥሽ፣ ትንሽ ብቻ ታንጠባጥቢላታለሽ እያለች ነው። ትንንሽ ልጆች ስላሉን ጭርት ከሆነ ቶሎ ማወቅ አለብኝ። ምን ትላላችሁ?

ጺማም

ጭርት ነው እህቴ። ጸጉር ረግፏል፣ ቅርፊት አለ፣ ሌላ ምን ሊሆን? ልጆቹን አርቂያቸው። የእኛዋ ይዟት ለእኔም ክንዴ ላይ ክብ ሆኖ ወጣብኝ፣ ለባለቤቴም አንገቷ ላይ። ሲያሳክክ አይጣል ነው። ድመቷ ቀድማ ድና እኛ ገና ስንቀባ ነበርን።

ሁለት ድመት አንድ ሶፋ

ጺማም ቆይ እንጂ ወንድሜ፣ እንዲህ በአንድ ቃል አይፈረድም። ጭርት ብዙውን ጊዜ ፊት ላይ፣ ጆሮ ላይ፣ መዳፍ ላይ ነው የሚጀምረው። ጸጉሩ ከሥሩ ይሰባበርና የተመለጠ ክብ ቦታ ይቀራል፣ ቆዳውም ይቀረፈፋል። እሷ የምትለው ሆድ ነው፣ ቆዳው ደግሞ ንጹህ። ይሄ ከራሷ ምላስ የመጣ ነው።

እኔን ብትጠይቂኝ ጭንቀት ነው። ቤት ውስጥ የተቀየረ ነገር አለ? አዲስ ሰው፣ አዲስ ዕቃ፣ የአንበሴ ጠባይ? ከቤት የማይወጡ ድመቶች ሲሰለቻቸውም ሲጨንቃቸውም መላስ ይጀምራሉ፣ ከዚያ ልማድ ሆኖ ይቀራል። ወንዱ የአሸዋ ሳጥኗ ጋ እየጠበቀ እያስፈራራት እንደሆነ እዪ። ይሄን ሰው አያስተውለውም፣ ምክንያቱም ድመቶች ሲጣሉ ሁልጊዜ አይጯጯሁም። አንዱ በር ላይ ቁጭ ብሎ ማፍጠጡ ብቻ ይበቃል።

ሌሊት ነቂ

ሌላውን ሁሉ ተዪውና የውሻውን ጠብታ እንዳትነኪው!!! አንዳንዶቹ የውሻ ጠብታዎች ውስጥ ፐርሜትሪን የሚባል መድኃኒት አለ። ውሻ ይችለዋል፣ ድመት ግን ጉበቷ ሊያስወግደው አይችልም። ይንቀጠቀጣሉ፣ ይጥላቸዋል፣ ይሞታሉም። “ትንሽ ብቻ” የሚባል ነገር የለም። መድኃኒት የተደረገለት ውሻ ጋ ተጠጋግታ መተኛቷ እንኳ አደጋ አለው። ይሄን የሚያነብ ሌላ ሰው ቀድሞ አድርጎ ከሆነና ድመቷ መንቀጥቀጥ ከጀመረች ነገ አይባልም፣ አሁኑኑ ወደ ሐኪም። ገና ምልክት ካላሳየች በለብ ያለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ያው ወደ ሐኪም።

ዶክተር ጥፍር

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ሳላያት መድኃኒት አላዝም፣ ግን ቀጠሮ እስክታገኚ ነገሩን ማጥበብ እንችላለን። ሌሊት ነቂ ያለችው ልክ ነው፣ እሱ ላይ የምጨምረው የለኝም።

በመጀመሪያ መለየት ያለበት ጸጉሩ በራሱ ረግፎ ነው ወይስ እሷ ቆርጣው ነው የሚለው ነው። ከፈቀደችልሽ በጀርባዋ አስተኝተሽ የተመለጠውን ቦታ ዳር ዳሩን ጸጉሩ ከሚተኛበት በተቃራኒ ዳብሺው። ተልሶ የተቆረጠ ጸጉር ከተላጨ በማግስቱ እንዳለ ጺም ይቆረቁራል። በራሱ የረገፈ ከሆነ ለስላሳ ነው። እኛ ክሊኒክ ውስጥ ጥቂት ጸጉር ነቅለን በማይክሮስኮፕ እናያለን፤ ጫፉ ቀጥኖ የሾለ ከሆነ ማንም አልነካውም፣ የተሰበረና የተሰነጣጠቀ ከሆነ ምላስ ነው። ሆድና ጭን ላይ፣ ቆዳው ደህና ሆኖ፣ ግራና ቀኙ እኩል ከሆነ እኔ ምላስ ነው እላለሁ።

እና “አታክም” ያልሽው እዚህ ጋ ነው ችግሩ። ድመት ሲያሳክካት የምታከው ብዙ ጊዜ በጥፍሯ አይደለም፣ በምላሷ ነው። እሱንም ሰው በሌለበት ታደርገዋለች። ባለቤት ጽዳት ነው ብሎ ያልፈዋል። ከወትሮው በላይ የጸጉር ኳስ የምታስመልስ ከሆነ ወይም ሰገራዋ ውስጥ ጸጉር ከበዛ እሱ ራሱ ማስረጃ ነው።

አሁን ወደ ቅርፊቱ። ወገብ፣ ጅራት ሥር፣ አንገት ዙሪያ፤ ከጸጉር በታች በእጅ የሚነካ ግን በዓይን የማይታይ። ድመት እንዲህ ሆና ስትመጣልኝ መጀመሪያ የማስበው የቁንጫ አለርጂ ነው። ከቤት ትውጣም አትውጣም።

ቁንጫ አላየሁም ማለት ቁንጫ የለም ማለት አይደለም። አለርጂው የሚነሳው ከቁንጫው ምራቅ ነው። አለርጂ ያለባት ድመት ጥቂት ንክሻ ይበቃታል፤ ከዚያ ስታሳድደው፣ ስትልሰው፣ ስትውጠው ትውላለች። ስለዚህ ገላዋ ላይ ቁንጫ የማይገኘው ከሁሉ በላይ የምትሰቃየዋ ድመት ላይ ነው። አንበሴ ደህና መሆኑም ምንም አያረጋግጥም። ሁለቱም እኩል ተነክሰው አንዱ ብቻ አለርጂ ሊኖረው ይችላል። እንዲያውም የሚራባው እሱ ላይ ይሆናል።

ከየት ይመጣል ካልሽ፣ በሰው ልብስና ጫማ ይገባል፣ በእንግዳ ውሻ ይገባል፣ ከእናንተ በፊት በኖረ ሰው ቤት ውስጥ ይቀራል። ቁንጫ ሙሉ ሰውነት ከማውጣቱ በፊት በድር በተሸፈነ ቤቱ ውስጥ ሆኖ ወራት መጠበቅ ይችላል። ሙቀትና የእግር ንዝረት ሲሰማው ነው ብቅ የሚለው።

ፈተናው ቀላል ነው። ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ የቁንጫ ማበጠሪያ ያዢ። ነጭ ወረቀት ወይም ሶፍት አንጥፊና ከወገቧ ወደ ጅራቷ አበጥሪ፣ ከዚያ አንገቷን። አንበሴንም አበጥሪው፣ ይሄን እንዳትረሺ። ማበጠሪያው ላይ የወጣውን ጥቁር ብናኝ ሶፍቱ ላይ አራግፊና ውሃ ጠብ አድርጊበት። ተራ ቆሻሻ ከሆነ እንዳለ ይቀራል። የቁንጫ ኩስ ከሆነ ግን የተፈጨ ደም ነው፣ ዙሪያው ቀይ ቡናማ ሆኖ ይሰራጫል።

ጭርትን በተመለከተ ጺማም ፍርዱ ቢፈጥንም ስጋቱ ትክክል ነው። ሚኑ የምታሳየው የተለመደው መልኩ አይደለም፣ ግን ጭርት ድመት ላይ ምንም ሊመስል ይችላል፣ ጸጉረ ረጅም ድመት ደግሞ ምንም ምልክት ሳታሳይ ልትይዘው ትችላለች። ልጆች ባሉበት ቤት ዝም ብዬ አላልፈውም። ማይክሮስፖረም ካኒስ የሚባለው ፈንገስ ነው በብዛት የሚያመጣው። ልዩ መብራት አለን፣ የታመመው ጸጉር ብዙ ጊዜ በጨለማ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ካላበራ ግን ነፃ ናት ማለት አይደለም፤ ጸጉሯ ተወስዶ ፈንገሱ እንዲበቅል ይደረጋል፣ እሱ እስከ 3 ሳምንት ይወስዳል።

እና ክሬሙ አይሁን። ቀቢያት፣ ትልሰዋለች። ሆዷ ውስጥ ነው የሚገባው። ለሰው ከሚሸጡት ብዙዎቹ ደግሞ ከፈንገስ መድኃኒቱ ጋር ስቴሮይድ ተቀላቅሎባቸዋል። ስቴሮይድ ማሳከኩን ያበርዳል፣ መቅላቱን ያጠፋል፣ ከሥር ግን ጭርት ካለ ያስፋፋዋል። እኔ ጋ ስትመጣ ምልክቱ ሁሉ ተሰባብሮ ይጠብቀኛል። ዚንክ ያለበት ቅባትም አይሆንም። የቲ ትሪ ዘይት የሚባለው “ተፈጥሯዊ ነው” እየተባለ የሚመከረው ደግሞ ለድመት መርዝ ነው። ነጭ ሽንኩርት ለቁንጫ ይጠቅማል የሚልም አለ፤ ቀይ የደም ሴሎቿን ነው የሚያፈርሰው።

ጭንቀትን መጨረሻ ላይ ያመጣሁት በምክንያት ነው። አለ፣ የለም አልልም። ግን እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ አንድ ጥናት “ከጭንቀት ነው” ተብለው የተላኩ 21 ድመቶችን በደንብ መርምሮ ነበር። 16ቱ ላይ የተገኘው አካላዊ ምክንያት ነው፣ በአብዛኛው አለርጂ። ጭንቀት ብቻ የሆኑት 2 ናቸው። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ሳይጣራ ድመትን “ነርቭ ናት” ማለት ስም ማጥፋት ነው።

ሁለት ድመት አንድ ሶፋ

ዶክተር ተቀብያለሁ። ግን የእኔዋ በሐኪም ተረጋግጦ ነው ጭንቀት የተባለው፣ ከተራ ወሬ ተነስቼ አይደለም። ደሟ ታየ፣ ምግብ ተቀየረላት፣ የቁንጫ መድኃኒት ለወራት ተደረገላት፣ ምንም ለውጥ የለም። በመጨረሻ ከሌላዋ ጋር የአሸዋ ሳጥናቸውንና የምግብ ቦታቸውን ለያየን፣ ከፍ ያለ መደርደሪያ ሠራንላት፣ ማታ ማታ በገመድ እናሯሩጣት ጀመር። ጸጉሯ መለስ ብሏል።

ዶክተር ጥፍር

እንደዚያ ከሆነ ልክ ነው፤ መንገዱም ያ ነው። ሌላው ተጣርቶ መጨረሻ ላይ የተደረሰበት።

ግራጫ ጅራት

ይቅርታ ወሬውን ላቋርጥ፣ ለብቻው መጠየቅ ሰነፍኩ። የእኔው ድመት አገጩ ላይ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ አለ። ቡና የነካው ነው የሚመስለው። ባጥበው አይለቅም። አያሳክከውም። ይሄም ቁንጫ ነው?

ሌሊት ነቂ

የአገጭ ብጉር ነው እሱ። በፕላስቲክ ሳህን ነው የምታበላው?

ግራጫ ጅራት

አዎ። እንዴት አወቅሽ?

ዶክተር ጥፍር

አብዛኛው ሰው በፕላስቲክ ስለሚያበላ ነው :) ፕላስቲክ ይጫጫራል፣ ጭረቱ ውስጥ ቅባትና ባክቴሪያ ይቀመጣል። ብቸኛው ምክንያት እሱ አይደለም፣ አንዳንድ ድመት አገጩ ላይ ያለው ቅባት ያለልክ ይመነጫል። ግን በጣም ቀላሉ ለውጥ ሳህኑ ስለሆነ በብረት ወይም በብርጭቆ ቀይረውና በየቀኑ እጠበው። የውሃውንም ጭምር። አገጩን በለብ ያለ ውሃ የራሰ ጨርቅ እየያዝክ አለስልሰው። አታፍርጠው፤ ጥቁሩን ነጥብ በጥፍር መጭመቅ የሚወድ ሰው ብዙ ነው፣ ያኔ ነው ወደ ውስጥ የሚገባውና የሚያብጠው። ለሰው ብጉር የሚቀባውም አይሆነውም፣ ያቃጥለዋል። ክሎርሄክሲዲን ያለበት ለድመት የተዘጋጀ መጥረጊያ ካገኘህ ጥሩ ነው።

ቁንጫ መሆኑን መለየት ከፈለግክ ያው የውሃው ፈተና ይሠራል፣ የብጉር ጥቁር ነጥብ ቀይ አይሆንም። አገጩ ካበጠ፣ ከደማ ወይም መግል ከያዘ ግን አሳየው፣ የሚዋጥ መድኃኒት ሊያስፈልገው ይችላል።

የሚኑ ሰው

ተመለስኩ። እስቲ ስሙኝ።

ሆዷን ዳሰስኩ፣ ይቆረቁራል። ስለዚህ እየላሰች ነው። ከዚያ አበጠርኳት፤ ጸጉርና ቅርፊት ብቻ ነው የወጣው፣ ሶፍቱ ላይ ምንም ቀይ ነገር የለም። አለቀ፣ ቁንጫ አይደለም ልል ስል አንበሴን አስታወስኩ። እሱ ማበጠሪያ ይወዳል፣ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ይቆምልኛል። ጅራቱ ሥር ሁለት ጊዜ እንዳበጠርኩ ማበጠሪያው በጥቁር ብናኝ ሞላ። ሶፍት ላይ አራግፌ ውሃ ጠብ ሳደርግበት ዙሪያው ቀስ እያለ ቀላ። ደነገጥኩ። ከዚያ አንዷ ቁንጫ ከማበጠሪያው ላይ ዘላ ምንጣፉ ውስጥ ገባች፣ ፈልጌ አጣኋት።

እህቴ በየሳምንቱ ቅዳሜ ውሻዋን ይዛ ትመጣለች። አንበሴ የሚተኛው ውሻው የሚቀመጥበት ምንጣፍ ላይ ነው። ሚኑ ውሻውን ስለምትፈራ አልጋ ሥር ነው የምትውለው።

አሁን ምን ላድርግ? ቀጠሮ ይዣለሁ ግን ቅርብ አይደለም።

ጺማም

የፈንገሱ ምርመራ ግን ይሠራላት። ቁንጫም ጭርትም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። እኔ ልጆቹን ብዬ ነው።

ዶክተር ጥፍር

ጺማም እዚህ ላይ እስማማለሁ፣ በቀጠሮው ቀን ይጠየቅ።

እስከዚያ የቁንጫውን ጉዳይ መጀመር ትችያለሽ። ማጅራት ላይ የሚደረግ፣ በግልጽ ለድመት የተባለ ጠብታ ያስፈልግሻል። ፊፕሮኒል፣ ሴላሜክቲን፣ ፍሉራላነር፣ እነዚህ ለድመት የሚሠሩ ናቸው፤ የድመቱን ማሸጊያ ብቻ ግዢ፣ ከውሻ መጠን እየቀነሱ ማካፈል የለም። መዝኚያቸው። አንበሴ ትልቅ ነው ብለሻል፣ የሁለቱ መጠን ላይገጥም ይችላል። ጠብታውን ጸጉሩን ከፍለሽ ቆዳው ላይ፣ የራስ ቅሏ ከአንገቷ ጋር በሚገናኝበት፣ ምላሷ በማይደርስበት ቦታ አድርጊ። እስኪደርቅ እርስ በርስ እንዳይላላሱ ለያያቸው። ሚኑ ላይ ቁንጫ ባይገኝም ለሁለቱም ነው፣ ለእህትሽ ውሻ ደግሞ ለውሻ የሚሆነው። አንዱ ከቀረ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። ለውሻው የሚገዛው ፐርሜትሪን የሌለበት ይሁን፣ ድመት ያለበት ቤት ነው የሚመጣው።

ቤቱን ደግሞ አትርሺ። ድመቷ ላይ የሚታየው ቁንጫ ከጠቅላላው ጥቂቱ ነው። እንቁላሉ ከጸጉር ላይ እየተንሸራተተ ምንጣፍ ውስጥ፣ ሶፋ ስፌት ውስጥ፣ አልጋ ሥር ይወድቃል። አንዲት ሴት ቁንጫ በቀን እስከ 40 እና 50 እንቁላል ትጥላለች። የሚተኙበትን ጨርቅ ሁሉ በ60 ዲግሪ እጠቢ። ምንጣፉን በቫኪዩም ደጋግመሽ ሳቢው፣ በተለይ ግድግዳ ዳር ዳሩንና ሶፋ ሥር፤ የሳበውን ወዲያው አስረሽ ከቤት አውጪ። የቫኪዩም ንዝረት ድር ውስጥ የተደበቀውን ስለሚቀሰቅሰው ራሱ ይጠቅማል። ወጥቶ መድኃኒት ያለበት እንስሳ ላይ ሲዘል ይሞታል።

ቢያንስ ለ3 ወር ሳይቋረጥ። የብዙ ሰው ጉዞ የሚሰናከለው እዚህ ነው። አንድ ጊዜ ይደረጋል፣ ደህና ትመስላለች፣ ይተዋል፣ ከዚያ ድር ውስጥ የነበረው ይፈለፈላል።

ሌሊት ነቂ

አንድ ጥያቄ ዶክተር። አንገቷ ላይ ኮን፣ ያንን የፕላስቲክ አንገትጌ፣ ብታደርግላትስ? እንዳትልስ።

ዶክተር ጥፍር

ክፍት ቁስል ካላት አዎ፣ ለጊዜው። እንደ ሚኑ ከሆነች ግን አልመክርም። መላሱን ትከለክሊያለሽ፣ ማሳከኩ ግን እንዳለ ነው። የሚያሳክክሽን ቦታ እጅሽ ታስሮ አስቢው። ክሊኒክ ስትሄድ ማሳከኩ ብርቱ ከሆነ ለአጭር ጊዜ ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ስቴሮይድ ሊሰጣት ይችላል፣ መጀመሪያ ግን ጭርት አለመኖሩ ይታያል። የሚቆይ የስቴሮይድ መርፌ በየጊዜው እየተወጋች የምትኖር ድመት አያለሁ፣ ምክንያቱ ሳይፈለግ፤ ስኳር በሽታ ድረስ ሊያመጣ ይችላል።

ግራጫ ጅራት

ሳህን ቀይሬያለሁ። ብረቱን አልወደደውም፣ ጢሙ ይነካዋል መሰለኝ። ጠፍጣፋ የሸክላ ሳህን ላይ ሳደርግለት በላ።

የሚኑ ሰው

ከሐኪም ተመልሰናል፣ ለሚቀጥለው ሰው ይጠቅም እንደሆነ ልጻፈው።

በመብራቱ አዩዋት፣ የሚያበራ ጸጉር የለም። ያም ሆኖ ለፈንገስ ናሙና ወሰዱ፣ በአዲስ የጥርስ ብሩሽ መላ ሰውነቷን ቦረሹና ብሩሹን እንዳለ አሸጉት። ውጤቱ ዘግይቶ መጣ፣ ነፃ ናት። (ጺማም ልጆቹ ደህና ናቸው።) ጆሮዋንም አዩ። ጥቁር ደረቅ ኩክ ቢኖር የጆሮ ተባይ ይሆን ነበር ብለውኛል፣ የእሷ ንጹህ ነው። ከቅርፊቱ ሥር በመስታወት ነክተው በማይክሮስኮፕ ሲያዩት በአለርጂ ጊዜ የሚበዛው የነጭ ደም ሴል ሞልቷል፣ ባክቴሪያ ግን ጥቂት ስለሆነ አንቲባዮቲክ አያስፈልጋትም ተባለ። ለጥቂት ቀን ፕሬድኒሶሎን ሰጧት፣ እየቀነሰ የሚሄድ።

ቅርፊቱ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። ሆዷ ላይ ስስ ጸጉር መጥቷል፣ ገና አጭር ነው። ግን አንድ ያናደደኝ ነገር አለ። ሁለተኛውን ጠብታ ካደረግኩላቸው በኋላ ምንጣፉ ላይ ቁንጫ አየሁ! ከበፊቱም የበዛ ይመስላል። መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው? ልቀይረው?

እና ደግሞ ቁንጫው ጠፍቶም መላሱ ከቀጠለስ?

ዶክተር ጥፍር

አትቀይሪው። የምታዪው አዲስ የተፈለፈለው ነው፣ ድመት ላይ ሳይወጣ በፊት ነው ያገኘሽው። ድር ውስጥ ያለውን የትኛውም ጠብታ አይደርስበትም፣ የሚረጨውም በቅጡ አይገባውም፤ እየወጣ እስኪያልቅ ነው የሚጠበቀው። ሙቀት ባለው ቤት ቶሎ ያልቃል፣ በቀዝቃዛ ጊዜ ይጎተታል። አንበሴን በሳምንት አንዴ ማበጠር ቀጥዪ። ማበጠሪያው ላይ የምታገኚው ብናኝ እየቀነሰ ከሄደ እየሠራ ነው። መድኃኒቱን በተባለው ቀን ካደረግሽና ከ3 ወር በኋላም እሱ ላይ ኩስ የምታገኚ ከሆነ ያኔ እንነጋገር፤ ብዙ ጊዜ ያልታከመ ሌላ እንስሳ አለ ማለት ነው።

ቁንጫው ጠፍቶ መላሱ ከቀጠለ ቀጣዩ ምግብ ነው። ፊትና አንገቷን ማከክ ከጨመረች ደግሞ ይበልጥ እጠረጥራለሁ። ለዚህ የሚታመን የደም ምርመራ የለም፣ ያለው መንገድ በልታው የማታውቀውን ሥጋ ወይም ፕሮቲኑ ተሰባብሮ የተዘጋጀ ምግብ ብቻ ቢያንስ ለ8 ሳምንት መስጠት ነው። ብቻ ማለት ብቻ ነው፤ ልጆቹ ከማዕድ የሚወረውሩላት ቁራጭ፣ የአንበሴ ሳህን፣ ጣዕም ያለው ክኒን፣ ሁሉም ይበላሻል። ከተሻላት የድሮው ምግቧ ተመልሶ ይሰጣታል፣ ካገረሸባት ተገኘ። እሱም ካልሆነ በአቧራ ውስጥ ለሚኖሩት በዓይን ለማይታዩ ተባዮች ወይም ለአበባ ብናኝ አለርጂ ሊሆን ይችላል። ያ አይድንም፣ ግን መቆጣጠር ይቻላል፤ ሳይክሎስፖሪን የመሰሉ መድኃኒቶች አሉት።

ሳትጠብቂ የምትሮጪበት ሁኔታም አለ። ፊቷ ድንገት ካበጠ፣ ቆዳዋ ረጥቦ ከሸተተ፣ መብላት ካቆመች፣ ወይም የላይኛው ከንፈሯ ጠርዝ ተቦርቡሮ ካየሽ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ አያማትም፣ ለዚህ ነው ሰው የሚዘገየው። እሱም በአብዛኛው ከአለርጂ ነው የሚመጣው።

የሚኑ ሰው

ልጆቹን ከአሁኑ አስጠነቅቃለሁ፣ ቁራጭ መወርወር ዋና ሥራቸው ነው። የእህቴ ውሻም መድኃኒቱን ወስዷል፣ ቅዳሜ ሲመጣ ግን ለጊዜው ምንጣፉን ጠቅልዬ አነሳዋለሁ።

ሁለት ድመት አንድ ሶፋ

ለሚኑ ግን አልጋ ሥር ብቻ እንዳትቀር ከፍ ያለ ቦታ አዘጋጂላት። ቁንጫውም ቢሆን ውሻው ያስጨንቃታል :)

የሚኑ ሰው

ቁም ሣጥኑ ላይ ያለውን ሻንጣ አነሳሁላት። ወጥታለች።